ልጆቹ ሁሉም ታስረዋል

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ የጓደኛዋ ሠርግ ደርሶባት ምሥራቅ ክፍለ ከተማ አዲስ ወደተከፈተ የውበት ሳሎን ይዛኝ ሄደች። የእኔ ሥራ ወንበር ይዞ መቀመጥና ቦርሳዋን መጠበቅ ነበር። ዕድሜ ልኬን ታይፕ ስመታ ኖሬ በእርጅናዬ ቦርሳ ጠባቂ ሆኜ ቀረሁ፤ ቢሆንም አልከፋኝም፣ ቦርሳ እንደ ሰው አይነታረክም። አንዲት ቀጭን ልጅ የልጅ ልጄን እጅ ፎጣ ላይ ዘርግታ የጥፍር ቀለሙን ጠርሙስ ስትከፍት ሽታው መጥቶ ዓይኔን በእንባ ሞላው። «እማዬ፣ ሽታው ከበደሽ እንዴ? በሩን ይክፈቱልሽ?» አለችኝ የልጅ ልጄ። ከብዶኛል ብዬ ወጣሁ። የከበደኝ ግን ሌላ ነው። የሰው አባት ሲጋራ ይሸታል፣ አረቄ ይሸታል፣ እንደ ጊዜው ሽቶም ይሸታል። የእኔ አባት የጥፍር ቀለም ይሸት ነበር። ደጅ ቆሜ ባጃጆቹ ለአንድ ተሳፋሪ ሲሻሙ እያየሁ ሐሳቤ ይህችን ከተማ አዋሳ ወደምንልበት፣ ወደ ጋሪው ዘመን ጥሎኝ ሄደ።

አባባ ዝንብ ያስር ነበር። ይህን ለማያውቀው ሰው ስናገር መጀመሪያ ይስቃል፤ ዝንብ በምን ወንጀል ይታሰራል ይለኛል። ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ ሐይቁ ዳር በነበረ የዓሣ ጥናት ቢሮ ውስጥ ዕቃ ግምጃ ቤት ይሠራ ነበር። እዚያ የነበረ አንድ ሽበታም ፈረንጅ ከሥራ ሰዓት በኋላ ትንሽ መንጠቆ ላይ ላባና ፀጉር በክር እየጠመጠመ ነፍሳት የሚመስል ማጥመጃ ይሠራል፤ ማጥመጃውን «ዝንብ»፣ ሥራውንም «ማሰር» ይለዋል። አባባ ጠጋ ብሎ ያያል፣ ክር ያቀብላል፣ ቀስ በቀስ እጁን አስገባ። ዘመኑ ሲለወጥ ፈረንጁ ወደ አገሩ ሄደ፤ መንጠቆዎቹንና ጠረጴዛ ላይ ተጠብቃ መንጠቆ ነክሳ የምትይዘውን ትንሽ ሞርሳ ለአባባ ትቶለት ሄደ። ከዚያ ወዲህ የቤታችን በረንዳ የላባ መደብር ሆነ። የጅግራ ላባ ከቡሹሎ ገበሬዎች ያመጣል፣ ከተቃጠለ ዲናሞ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ይፈታል፣ የጥንቸል ጆሮ ፀጉር ደግሞ ከየት እንደሚያመጣ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። ጎረቤቶቻችን ጥንቸል እርኩስ ነው ብለው ከበረንዳችን ይሸሹ ነበር። አባባ አይከራከርም፤ ሠርቶ ሲጨርስ እጁን በሳሙና ሁለቴ ይታጠብና ገብርኤል ይሳለማል።

የሚያስረው ሁሉ ዝንብ እንዳይመስላችሁ። እሱ የሚወደው ክንፍ ያለውን አልነበረም። «ይሄ ዝንቡ አይደለም፣ ልጁ ነው» ይለን ነበር፤ «ክንፍ ሳያወጣ በፊት ድንጋይ ሥር፣ ውኃ ውስጥ የሚኖረው ነው። ዓሣው ከትልቁ ይልቅ ልጁን ይወዳል፣ መሸሽ አይችልማ።» ለዚህ ነው ሽቦ የሚጠመጥምበት፤ እንዲከብድና ወደ ታች እንዲሰምጥ። የመጨረሻውን ቋጠሮ እንዳይፈታ የሚያጣብቀው ደግሞ በእኔ የጥፍር ቀለም ነበር። እኔ ከፒያሳ፣ ከዐረቡ ሱቅ፣ ስንት ጊዜ አስቤበት የገዛሁትን ቀይ ቀለም አባቴ ለትል ይቀባዋል! አንድ ቀን አውራ ጣቱ ቀልቶ ቢሮ ገብቶ «ምነው ጋሼ፣ ዛሬ ሠርግ አለብዎ?» ተብሎ መጣ። ከዚያ በኋላ ቀለም የሌለውን ግዢ ብሎ ለመነኝ። ዋናው አስገራሚ ነገር ግን ሌላ ነው። እነዚያ ማጥመጃዎች ትራውት ለሚባል፣ ቀዝቃዛ ወራጅ ውኃ ካላገኘ ለማይኖር ዓሣ የሚሠሩ ናቸው። የእኛ ሐይቅ ቆሮሶና አምባዛ እንጂ ትራውት አያውቅም፤ ትራውት ያለው ባሌ ተራራ ላይ ነው። አባባ ያንን ዓሣ አይቶት አያውቅም። ወደ ባሌ የሚያልፉ እንግዶች ይወስዱለታል፣ ሲመለሱ መንጠቆ ያመጡለታል፣ እሱም ዓሣው ምን እንደሚመስል ደጋግሞ ይጠይቃቸዋል።

አዋሳ ያን ጊዜ ትንሽ ነበረች። ጋሪ በስሙኒ ከመናኸሪያ ሐይቁ ድረስ ያደርሳል፤ ከፈረሱ ኋላ ተቀምጠሽ ዋርካና ጃካራንዳ እያየሽ ነው የምትሄጂው። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ላይ ቆሮሶ የሚገዛው በኪሎ ሳይሆን በክር ተሰክቶ ነበር፤ አባኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ደግሞ እንደ ተበሳጩ ሽማግሌዎች እጃቸውን ኋላ አድርገው የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ። ካሴት ቤቱ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙሮ ሙዚቃ ይለቅና ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ሁሉም ወደየቤቱ ይበተናል። ታላቅ ወንድሜ ዘሪሁን ቤልቦተም ሱሪና ኮሌታው እስከ ትከሻ የሚደርስ ቴትሮን ሸሚዝ ነበረው። ሱሪው መሬት ሲጠርግ አባባ «ልጄ፣ ቀበሌው ለመጥረጊያ ያስመዘግብሃል» እያለ ያሾፍበታል። ቀጭን ነበር ዘሪሁን፣ ግራኝ ነበር፣ እየሄደ ያፏጫል። ዛሬም ከኋላዬ ሰው ሲያፏጭ ዞር እላለሁ፤ ልማድ ነው፣ ምን አደርጋለሁ።

ዘሪሁን ጓደኞች ነበሩት፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ የማይለያዩ። እናታችን ቀድማ ስላረፈች ቤቱ በእነሱ ነበር የሚሞላው። አባባ በስማቸው አይጠራቸውም፤ በጅምላ «ልጆቹ» ነው የሚላቸው። «ሙሉዬ፣ ልጆቹ መጥተዋል፣ ሻይ ጣጂ» ይለኛል። «ልጆቹ ዛሬ ምነው ቀሩ?» ይላል። እነሱም መጽሐፍ ይዘው ይገባሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይከራከራሉ፣ እኔ ሻይ ይዤ ስገባ ስለ ኳስ ያወራሉ። ኳስ እንዳልሆነ ማንም ያውቃል። ከዚያ ዘመኑ ከፋ። ከልጆቹ አንዱ ተወስዶ ሰንብቶ ተፈታ፤ ሲፈታ ግን ቤታችን ደጃፍ ደርሶ ሳይገባ ተመለሰ። ዘሪሁን የመምህርነት ምድብ ሲመጣለት ሰው የማይፈልገውን ዲንሾን፣ ባሌን መረጠ። ብርድ ነው ሲሉት «ብርዱ ይሻላል» አለ። ልጆቹም አንዱ በአንድ፣ ሌላው በሌላ አቅጣጫ ተበተኑ፣ ቤቱም ጭር አለ።

እንግዲህ አባባ ይህን ያደረገው መቼ እንደሆነ ልብ አላልኩትም፤ ዘሪሁን ከሄደ በኋላ ግን በረንዳው ላይ የሚያስራቸውን ትሎች «ልጆቹ» ማለት ጀመረ። ፊት ትል ነበር የሚላቸው። አንድ ቀን ከቢሮ ስመለስ «ሙሉዬ፣ ዛሬ ልጆቹ አልታዘዝ አሉኝ፣ ክሩ ይበጠሳል» ሲለኝ ደንግጬ ወደ ሳሎን አየሁ። ሰው የለም። ሞርሳው ላይ አንዲት ቡናማ ትል ብቻ አለች። ሳቅሁበት፣ እሱም ሳቀ፣ ከዚያም ስሙ ጸና። ሰው ሲናፍቅ ስም እንኳ ሥራ ፈቶ መቀመጥ እንደማይችል የገባኝ በኋላ ነው። ዘሪሁን ይህን አልሰማም፤ እሱ የሚያውቃቸው «ልጆቹ» ሌሎች ነበሩ።

ከዲንሾ ደብዳቤ መጣ። ዘሪሁን ከሰፈሩ በታች ባለው ወንዝ ዓሣ ማጥመድ ጀምሬያለሁ ይላል፤ ክረምቱ አልፎ ውኃው ሲጠራ አባባ ትሎቹን ሠርቶ ይምጣና ዓሣውን በዓይኑ ይየው ይላል። አባባን እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ፈቃድ ጠየቀ፣ ግራጫ ካፖርቱን ለልብስ ሰፊ ሰጥቶ አስጠገነ፣ ክረምቱን ሙሉ ከቢሮ ሲመለስ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጥቃቅኖቹን እየሠራ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ደረደራቸው። እንደ ሙሽራ ነበር የሚያደርገው። «ዓሣው ጎኑ ላይ ቀስተ ደመና አለው ይላሉ፤ ውሸት ይመስለኛል፣ ግን እናያለን» ይለኛል። መስቀል አልፎ ሥራው ሲያልቅ መናኸሪያ ወርደን በጎባ መስመር የሚመላለሰውን ሹፌር በቀለን አገኘነው። በቀለ አባባን የሚያከብር፣ ቤታችን እየመጣ ትሎቹን የሚያደንቅ፣ ሽቦ ሲያገኝ የሚያመጣለት ጨዋ ሰው ነበር።

«በቀለ፣ ዘሪሁንን ታገኘዋለህ?» አለው አባባ።

«አጣዋለሁ እንዴ ጋሼ? አውቶቡስ ሲቆም ሁልጊዜ መንገዱ ዳር ነው።»

«እንግዲያው ልጆቹ ሁሉም ታስረዋል በለው። ሰኞ እመጣለሁ በለው።»

«ጨረሷቸው? ጎበዝ ነዎት!» ብሎ በቀለ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ፀሐይ ነበረች፤ አባባ ለበቀለ ሙዝ ገዝቶ በመስኮት ሰጠው።

ዲንሾ ላይ የሆነውን ኋላ በቀለ ራሱ ነው የነገረን፣ እያንዳንዷን ቃል። አውቶቡሱ ቆመ፣ ብርድ ነው፣ ተሳፋሪ ይጮኻል። ዘሪሁን ጋቢ ለብሶ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለ። በቀለ ሞተር ሳያጠፋ ጎንበስ አለና «ከአዋሳ መልእክት አለህ፤ ልጆቹ ሁሉም ታስረዋል። ሰኞ ወዳንተ ይመጣሉ» አለው። ዘሪሁን «ሁሉም?» አለ። «ሁሉም፣ አንድም አልቀረ» አለ በቀለ። «መቼ ነው የሚመጡት?» «ሰኞ አልኩህ እኮ።» ዘሪሁን አመሰግናለሁ እንኳ ሳይል ዞሮ ሄደ፤ በቀለም ብርዱ ነው ብሎ ማርሽ አስገባ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። አባባ ሰኞ ቆርቆሮውን ታቅፎ ዲንሾ ሲወርድ ማንም አልተቀበለውም። የዘሪሁን አከራይ፣ አዴ ፋጡማ የሚባሉ ሴት፣ ክፍሉን ከፈቱለት። አልጋው ተነጥፏል፣ የዓሣ ዘንጉ በሩ ኋላ ቆሟል፣ ድስት ውስጥ ያልተበላ ምስር አለ። «ልጅዎ ጓደኞቼን በሙሉ ይዘዋቸዋል፣ ሰኞ እኔን ሊይዙ ይመጣሉ አለኝ» አሉት፤ «ጨው ከሚጭኑ ነጋዴዎች ጋር በእግሩ ወደ ቆላ ወረደ። እኔም ከአዋሳ የሚመጣ ሰው ሁሉ ጠላት መስሎኝ እርስዎን ስፈራ ነው ያረፈድኩት።» አባባ ወንዙ ዳር ሄዶ ተቀመጠ። ትራውት አየህ ወይ ብዬ ከዓመታት በኋላ ጠይቄው ነበር። «ውኃው ጥሩ ነው» ብቻ አለኝ።

ሲመለስ በቀለን ጠራው። ያን ቀን የነበረው ቁጣና ልቅሶ አይነገርም። አባባ «በቀለ፣ እኔ እመጣለሁ በለው አልኩህ እንጂ ይመጣሉ አልኩህ?» ሲለው ያ ትልቅ ሰውዬ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነና «ታዲያ ጋሼ፣ በእርስዎ ላይ ‘ይመጣል’ ልበል? አሳዳጊ የበደለኝ ነኝ እንዴ?» አለ። እውነቱን ነው። አባባ ይመጣል ለማለት በአማርኛ አክባሪ ሰው «ይመጣሉ» ነው የሚለው፤ ወታደሮች ይመጣሉ ለማለትም ያው ነው። ዝንብ ማሰርና ሰው ማሰርም አንድ ቃል ናቸው። በሌላ ዘመን ቢሆን ስቀን እናልፈው ነበር። በዚያ ዘመን ግን «ታሰሩ» ሲባል ስለ ላባና ክር የሚያስብ ጤነኛ ሰው አልነበረም፤ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ቃሉን ሮጦ የሚመልሰው የለም። ያን ሳምንት ከልጆቹ አንድም የታሰረ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ አባባ «ማሰር» የሚለውን ቃል ከአፉ አወጣው። ጫማውን «ቋጠርኩ» ይላል፣ በሬ ታሰረ ሲባል እንኳ ጆሮው አይወድም። ትል መሥራቱን ግን አልተወም፤ ለማን እንደሚሠራ አልጠየቅሁትም። ሌላም ነገር መጣበት። ሰው አንቱ ሲለው ይቆጣል። የሠፈር ልጅ «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?» ሲለው «አደርክ በል! አንድ ሰው ነኝ፣ ብቻዬን ነው ያደርኩት!» ብሎ ይጮኽበታል። ዕድርተኞቹ ሐዘኑ አናቱ ላይ ወጣ አሉ፣ አንዳንዶቹ ትሕትና ነው፣ ሊመነኩስ ነው አሉ። እኔ ግን ምክንያቱን አውቃለሁ። አሁን ይህን የምታነቡ ሰዎች «ይህች ሴትዮ አባቷን አታከብርም እንዴ፣ እሱ እሱ ትላለች» ብላችሁ ታዝባችሁኝ ይሆናል። እሱ ነው ያዘዘኝ። ሞቶም ትእዛዙን አላፈርስም።

ሥራው አንድ ብቻ ሆነ፦ ለዘሪሁን ማንም እንዳልታሰረ ማስነገር። መናኸሪያ እየወረደ ወደ ዲላ፣ ወደ ነገሌ፣ ወደ ሞያሌ የሚሄደውን ሹፌር ሁሉ ይለምናል። «ዘሪሁን የሚባል ቀጭን፣ ግራኝ መምህር ካጋጠመህ፣ አንድ ሰው ‘ማንም አልታሰረም፣ ተመለስ’ ብሏል በለው። ስሜን አትጥራ፣ ኬላ ላይ ላንተም ለእሱም አይበጅም። ደግሞ ‘ብሏል’ ነው የምትለው፤ ‘ብለዋል’ ብትል እግዜር ይይልኝ!» ሹፌሮቹ ግራ ይገባቸዋል፣ ግን እሺ ይሉታል። ነጠላውን ቃል እንደ ውዳሴ ማርያም ያስደግማቸዋል። አብሬው ስቆም አፍራለሁ፣ ወዲያው ደግሞ በማፈሬ አለቅሳለሁ። አዋሳ መልኳን ቀየረች፣ ቤልቦተም ሱሪ ጠበበ፣ ጋሪው በሚኒባስ ተተካ፣ የዐረቡ ሱቅ ተዘጋ፤ አባባ መናኸሪያውን አልተወም። መንግሥት ሲለወጥ ስደተኛው ሁሉ ሻንጣ ይዞ መግባት ጀመረ፣ በየሠፈሩ እልልታ ይሰማል። አባባ ካፖርቱን ለብሶ ከአውቶቡስ የሚወርደውን ሰው አንድ በአንድ ያያል። ጥቂት ዓመት እንደዚህ አየ፤ ከዚያ እግሩ ከዳው፣ ከዚያ እሱም ሄደ። ሊሞት ሲል «ነገሩት ወይ?» አለኝ። «ነግረውታል፣ መንገድ ላይ ነው» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

ከመናኸሪያው ሹፌሮች ዛሬ በሕይወት ያለ መኖሩን እንጃ። እኔም ነገሩን ቀብሬው ነበር፤ ዓምና ግን አቶ ደምሴ የሚባል፣ ዕድሜውን በናይሮቢ ጨርሶ ለመሞት ወደ አገሩ የገባ ሰው አፈላልጎ ቤቴ መጣ። ከዘሪሁን ጋር አንድ ክፍል ኖረው ነበር። ወንድሜ እዚያ ሳንባው ታሞ፣ መንግሥት ሊለወጥ ትንሽ ሲቀረው አርፏል። አባባ መናኸሪያ ቆሞ የሚጠብቀው ዘሪሁን ከተቀበረ በኋላ ኖሯል። ደብዳቤ ለምን አልጻፈም ስለው «እናንተን ያስመታል ብሎ ነው፤ አባቴንም በእኔ ምክንያት አስረው ገድለውታል ብሎ በየዓመቱ ይዘክረው ነበር» አለኝ። ሁለቱም ለየብቻ ያለቅሱ ነበር ማለት ነው። «መልእክት አልደረሰውም? አንድም ሹፌር አላገኘውም?» አልኩት።

 «ደርሶታል፣ እትዬ ሙሉ» አለኝ። «እኔም ነበርኩ። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር እያጠያየቀ መጣና ‘አንተ ዘሪሁን ነህ? ከአዋሳ አንድ ሰው ማንም አልታሰረም፣ ተመለስ ብሏል’ አለው። ዘሪሁን ከተቀመጠበት ብድግ አለ። ፊቱ እንዴት እንደበራ! ‘ማነው ያለህ?’ አለው። ሹፌሩ ‘ስሜን አትጥራ ብሏል’ አለ። ‘ሽማግሌ ነው? አባቴ ነው?’ ሲለው ሹፌሩ ፈራና ‘አንድ ሰው ነው ያለኝ፣ ሌላ አልነግርህም’ ብሎ ሄደ። ዘሪሁን መልሶ ተቀመጠ። እኔ እንሂድ፣ እስቲ እንጠይቅ ብዬ ለመንኩት። ‘ደምሴ፣ ይሄ ማጥመጃ ነው፣ አትሞኝ’ አለኝ። ‘እንዴት አወቅህ?’ አልኩት። ‘ብሏል አለ እኮ፣ አልሰማህም? በአዋሳ መናኸሪያ አባቴን አንተ የሚል ሹፌር አልተወለደም። እውነት እሱ የላከው ቢሆን፣ ብለዋል ይለኝ ነበር’ አለኝ።»

አቶ ደምሴ «እንደዚያ ነበር እንዴ?» ብሎ አየኝ።

«አዎ» አልኩት። «አባታችንን አንቱ የማይለው ሰው አልነበረም።»